ዘመድ ለሌለው ልጅ የሥራ በር
(በክሊኒካችን አዳራሽ ለባልና ሚስት ተገልጋዮች ከተደረገ ንግግር)



ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ወላጅ «እፎይ» ይላል። ዘመድ ያለው ልጅ ወዲያው ሥራ ወዳለው ሰው ይላካል። እናቱ ጉሊት ቸርችራ ያስተማረችው ልጅ ግን ወደ ማን ይሂድ? ችሎታ አንሶት ሳይሆን የሚያስገባው ሰው አጥቶ መንገድ ዳር ይውላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ሳትፈልግ ትዳራለች፣ ወይም አንድም ሙያ ሳትይዝ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ትነሳለች።

ከመካከላችን ጋራዥ፣ የልብስ ስፌት ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት ወይም የፀጉር ቤት ያለን አለን፤ የሌለንም ያለውን ሰው እናውቃለን። ታዲያ እያንዳንዳችን ከሰፈራችን አንድ ልጅ ሙያ እንዲለምድ ብናስጠጋ ምን ይጎድልብናል?

ይሁን እንጂ ማስጠጋትና ጉልበት መበዝበዝ ለየቅል ናቸው። «ሙያ እየለመደ ነው» እየተባለ ሻይ ሲያመላልስና ወለል ሲጠርግ የሚከርም ልጅ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሥራ አይታዘዝም። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር በቃል ብቻ አንስማማ። ልጁ የሚማረው ሙያ፣ የሚቆይበት ጊዜና በልምምድ ላይ ሳለ የሚከፈለው ገንዘብ በጽሑፍ ይስፈር። ሴት ልጅ የምትገባ ከሆነ ደግሞ አስቀድመን ቦታውን በዓይናችን እንይ፤ ከገባችም በኋላ እየሄድን እንጠይቃት።

ልጁ ሙያውን ሲይዝ የሙያ ብቃት ምዘና እንዲፈተን እንርዳው። ኮሌጅ ያልገባ፣ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም መመዘን ይችላል። በሌላ ከተማ ማንም የማያውቀው ልጅ፣ የሚችለውን ሥራ የሚመሰክርለት ይኸው ወረቀት ነው። ዘመድ ለሌለው ልጅ ዘመዱ እሱ ነው።

ባልና ሚስት ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ተነጋገሩበት። የትኛውን ልጅ? ወደ የትኛው ባለሙያ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።