«ጎመን በጤና» ማለት ብቻውን ይበቃልን?

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የተሰጠ)



አባቶቻችን ያለቻቸውን ጥቂት ነገር በሰላም መብላት ከድግስ ሲበልጥባቸው «ጎመን በጤና» ይላሉ። በዚህ አነጋገር ጎመን የድኻ ምግብ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ጤናውም ድኻውን የሚያጽናና ነገር እንጂ ከጎመኑ የተገኘ ሆኖ አልቀረበም። እኔ ዛሬ ነገሩን ገልብጬ ልጠይቅ። ጤናው ከጎመኑ ከራሱ ይመጣልን? በተለይስ ልባችን ከአትክልትና ከጥራጥሬ ምን ያተርፋል?

ከሁሉ አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ እንመልከት። ልብ ለራሱ የሚያስፈልገውን ደም የሚያገኘው በላዩ በተዘረጉ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ነው። ኮሌስቴሮል የተባለው ስብ መሰል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ቅዳዎቹ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጠራቀማል፤ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል። የተጠራቀመው አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ደም የተቋረጠበትም የልብ ክፍል ይሞታል። ይህ ነገር በወጣትነት ጀምሮ በጎልማሳነትና በሽምግልና የሚገለጥ ስለ ሆነ፤ ጉዳዩ የአባቶቻችን ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

ምግብ በዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛ፤ በቅቤ፣ በጮማና በሰባ ወተት የሚበዛው የሚረጋ ስብ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስቴሮል ይጨምራል። ሁለተኛ፤ በገብስ፣ በባቄላና በምስር ውስጥ ያለው አሰር ይቀንሰዋል። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስቴሮል ነው፤ አሰሩ ሐሞቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ሲያስወጣው፤ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስቴሮል ይወስዳል።

ምሳሌ እንድትሆነን ፊንላንድን እንውሰድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰሜን ካሬሊያ በተባለው ምሥራቃዊ አውራጃ ሕዝቡ ቅቤና የሰባ ወተት የሚያዘወትር፣ ጨው የሚያበዛ፣ አትክልት እምብዛም የማይቀምስ ነበር። ጎልማሶች በልብ በሽታ ይረግፉ ስለ ነበር ሕዝቡ ራሱ ለመንግሥቱ አቤት አለ። በ1972 ፔካ ፑስካ በተባለ ወጣት ሐኪም መሪነት ሥራው ተጀመረ። ባለሱቁም፣ ገበሬውም፣ የቤት እመቤቷም በሥራው ገቡበት፤ ቅቤው ቀነሰ፤ አትክልቱ በረከተ፤ ትምባሆም ተተወ። በአርባ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በልብ ደም ቅዳ በሽታ የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ሕክምናውና የትምባሆው መተው ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የኮሌስቴሮሉ መቀነስ ድርሻ ትልቅ ነበር።

እንግዲህ እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም የሚል ይኖራል። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑና ተልባው በገበታችን ላይ ነው። እውነት ነው። የጾሙን መንፈሳዊ ትርጉም ለሊቃውንቱ ትቼ ስለ ምግቡ ብቻ ብናገር፤ ጥሩ ገበታ ወርሰናል።

ነገር ግን ወንድሞቼ፤ ለስላሳ መጠጥም የጾም ነው፤ ስኳርም የጾም ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ድንችም የጾም ነው። ልብ የሚያውቀው የምግቡን ስም ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው። በአሜሪካ ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ የጤና ሠራተኞችን ከሃያ ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት በ2017 ታትሟል። ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት እጅግ ያዘወተሩት፤ እጅግ ጥቂት ከበሉት ይልቅ በልብ ደም ቅዳ በሽታ የመያዛቸው ዕድል በሩብ ያህል አንሶ ተገኘ። ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ ባበዙት ዘንድ ግን፤ ይህም ከዕፅዋት የተገኘ ሆኖ ሳለ፤ ዕድሉ በሲሶ ያህል በልጦ ታየ።

የእኛም ወጥ እንዲሁ ሊበላሽ ይችላል። በየሱቁ «የሚረጋው ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ያው የሚረጋ ስብ ነው፤ ቅቤውን በበር አስወጥተን በመስኮት እንደ ማስገባት ነው። ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፤ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ፤ በታች ይበቃዋል ይላል፤ የደም ብዛትም የልብ ጠላት ነው።

ሁለት ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጥለው የልብ በሽታ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው፤ ይህን ጎመን አይመልሰውም፤ ጉሮሮው ሲታመም በጊዜ መታከም እንጂ። ደግሞም ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የተወ ሰው ቢ12 የተባለውን ቪታሚን ከዕፅዋት ስለማያገኝ ሐኪም ማማከር ይገባዋል።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የምግብ ኮሚቴያችን በተማሪዎች ምግብ ቤት የሚረጋው ዘይት በማይረጋው እንዲለወጥ፣ መጠኑም እንዲቀነስ ይጠይቅ። ጨው በወጡ እንዲያንስና የሚፈልግ ራሱ እንዲጨምር በገበታው ላይ ይቀመጥ። በሳምንት ጥቂት ቀን በነጩ ዳቦ ፋንታ የገብስ ቂጣ ወይም ቆሎ ይቅረብ። ገንዘብ ያንሳል የሚል መልስ ቢመጣ፤ ከሦስቱ ወጪ የሚጨምረው የዘይቱ ለውጥ ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ግን ወጪው ይቀላል።

እያንዳንዳችንም ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የእናታችንን ወጥ ሳንነቅፍ፤ የጨውዋን እጅ በትሕትና ብንለምን ለአባታችን ዕድሜ የምንጨምር ይመስለኛል። ያን ጊዜ «ጎመን በጤና» የድኻ ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ የተማረ ሰው ምርጫ ይሆናል።