የከተማ መኖሪያ ቤትና የሰፈሩ ዋጋ አገማመት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ለምሳሌ ያህል ሁለት ወንድማማቾች ወላጆቻቸው በግዢ ያፈሯቸውን ሁለት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወረሱ ቢባል፣ የሁለቱም ቤቶች ንድፍ አንድ፣ ስፋታቸው እኩል፣ የተሠሩበትም ዕቃ ተመሳሳይ ነው። አንደኛው በገርጂ፣ ሁለተኛው በቱሉ ዲምቱ ይገኛል። ገማች መሐንዲስ ተጠርቶ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን አስልቶ ለሁለቱም እኩል ዋጋ ይጽፍላቸዋል። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ክፍፍሉ ግን ፍትሕ የለውም። የቱሉ ዲምቱው ደራሽ ይህን የሚያውቀው ቤቱን ለመሸጥ ገበያ በወጣ ዕለት ነው። ያን ጊዜ በወንድማማቾች መካከል የሚፈጠረው ቅያሜ መነሻው የመሐንዲሱ ፊርማ ይሆናል።

ይህ ንግግር የሚያተኩረውም በዚሁ ጉድለት ላይ ነው፤ ይኸውም ቤቱን መዝኖ ሰፈሩን ሳይመዝኑ መቅረት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ በኢትዮጵያ የከተማ መሬት በግል አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ባለሙያዎች ቦታ ዋጋ የለውም ወደሚል ድምዳሜ ያዘነብላሉ። ይሁን እንጂ ቦታው በስሙ ባይሸጥም፣ የቦታው ጥቅም በቤቱ ዋጋ ውስጥ ገብቶ በየዕለቱ ይሸጣል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች በሁለት ሰፈሮች ዋጋቸው የሚራራቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለግምት የሚያገለግሉት ዋና ዋና ዘዴዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የወጪ ዘዴ ሲሆን፣ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ተሰልቶ የእርጅናው መጠን ይቀነሳል። ሁለተኛው የንጽጽር ዘዴ ነው፤ በቅርብ ጊዜ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ተሰብስቦ ልዩነታቸው ይስተካከላል። ሦስተኛው የገቢ ዘዴ ሲሆን፣ ቤቱ ከኪራይ የሚያስገኘው የተጣራ ገቢ በተመረጠ የምጣኔ መቶኛ ይካፈላል።

የወጪ ዘዴ ለመሐንዲስ የሚቀርበውና የሚመቸው ቢሆንም፣ ስለ ሰፈሩ አንዳች አይናገርም። የንጽጽር ዘዴ ሰፈሩን ያሳያል፤ ነገር ግን በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ በእርግጥ ከተከፈለው ሊያንስ ስለሚችል፣ ገማቹ ሻጭን፣ ገዢንና ደላላን ለየብቻ ጠይቆ ማመሳከር ይገባዋል። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜም የአምናው ሽያጭ ለዘንድሮው ግምት እንዳለ አይወሰድም።

የገቢ ዘዴም የራሱ አደጋ አለበት። አንድ ቤት በወር 20,000 ብር ይከራያል ቢባል፣ የዓመት ኪራዩ 240,000 ብር ይሆናል። ለጥገናና ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት ጊዜ 40,000 ብር ሲቀነስ የተጣራው ገቢ 200,000 ብር ነው። ይህ ገቢ በመቶ 5 ሲካፈል 4,000,000 ብር፣ በመቶ 6 ሲካፈል ግን 3,333,333 ብር ይሆናል። የአንድ መቶኛ ልዩነት ከ660,000 ብር በላይ ዋጋ አነሣ ማለት ነው። ስለዚህ ገማቹ የመረጠውን ምጣኔ ብቻ ሳይሆን የመረጠበትንም ምክንያት በጽሑፍ ማስፈር አለበት።

ሰፈር የሚመዘነው በካርታ ሳይሆን በእግር ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መስመሩ በዋና ዋና መንገዶች መካከል አለፈ። በካርታ ላይ መቶ ሜትር የሚርቅ ትምህርት ቤት ከሐዲዱ ማዶ ከሆነ፣ ሕፃኑ መሻገሪያ ፍለጋ የሚሄደው መንገድ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። እንደዚሁም የሚኒባስ መያዣው ርቀት፣ ወደ ሥራ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ሰዓት፣ የገበያው፣ የጤና ጣቢያውና የፍሳሹ ሁኔታ በቦታው ተገኝቶ መታየት አለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ መኖር ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ማለት ነው። ጠዋት የጎበኘ ባለሙያ ማታም ሊመለስ፣ በበጋ ያየውን ስለ ክረምቱ ነዋሪዎቹን ሊጠይቅ ይገባል።

የሕጉም ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤት የራሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን በጋራ መጠቀሚያዎቹም ላይ ድርሻ አለው። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ደረጃው ቢፈራርስ የሁሉም ጉዳት ነው። ስለሆነም የቤቱ ባለቤቶች ማኅበር የጥገና መዋጮ መሰብሰቡንና አለመሰብሰቡን ሳያጣሩ የአንዱን ክፍል ዋጋ መናገር አይቻልም። በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የሽያጭ ገደብ መኖሩም አብሮ መመርመር አለበት።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ቤት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሚነሣበት ጊዜ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለቤቱ የሚከፈለው ካሣ መሠረቱ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ሆኖም ሕጉ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዲከፈል ፈቅዷል። ይህም ጎረቤት፣ እድርና እቁብ ዋጋ ያላቸው መሆናቸውን ሕጉ ራሱ መቀበሉን ያሳያል። የሰላሳ ዓመት እድርተኛ የነበረች አሮጊት ወደ ከተማው ዳር ስትዛወር ሬሳዋን የሚያነሣላት ጎረቤት አብሯት አይዛወርም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል ለእርሷ የኑሮ ሒሳብ ነው። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በብር መተመን ባይችል እንኳ፣ በሪፖርቱ ውስጥ መኖሩን መዝግቦ ለውሳኔ ሰጪው ማቅረብ ይችላል።

በመሆኑም የግምት ሪፖርት ሦስት ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል፤ አንደኛ የሕንፃው ዋጋ፣ ሁለተኛ የሰፈሩ ጥቅምና ጉዳት፣ ሦስተኛ የይዞታው የሕግ ሁኔታ። በእያንዳንዱ ክፍል ቁጥሩ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያቱ የተጻፈ ግምት ቢሳሳት ይታረማል፤ ምክንያቱ ያልተጻፈ ግን ትክክል ቢሆን እንኳ ማንንም አያሳምንም።

ያን ጊዜ የገርጂው ወንድም ለቱሉ ዲምቱው ወንድሙ የሚክሰውን ልዩነት አውቆ ይከፍላል፤ ተካፋዩም የደረሰውን አውቆ ይቀበላል። የሙያው ክብርም የሚጠበቀው የመሐንዲሱ ፊርማ ቤተሰብን ሳያጣላ ሲቀር ነው።