ቼዝ፥ ቼክና ሰንጠረዥ



ካትዌ በካምፓላ ከተማ የሚገኝ፥ ብረት ቀጥቃጮችና መኪና ጠጋኞች የበዙበት የድኾች ሰፈር ነው። ሮበርት ካቴንዴ የተባለ ኡጋንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ ልጆችን ሰብስቦ ቼዝ ማስተማር ጀመረ፤ ለሚመጣውም ልጅ አጥሚት ይሰጥ ነበር። ከልጆቹ አንዲቱ ፊዮና ሙቴሲ በ2010 ሩሲያ በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ አገርዋን ወክላ ተሰለፈች። ታሪኳን የጻፈው ቲም ክሮዘርስ እንዳለው፥ ለዚህ ጨዋታ በሉጋንዳ ቋንቋ ስም አልነበረውም። የካትዌ ልጅ ጨዋታውንም ስሙንም በአንድነት ከእንግሊዝኛ ተቀበለ።

እንግዲህ ይህ ልጅ በገበታው ላይ «ቼክ» ሲባል ይሰማል። ወደ ክፍል ሲገባ «ቼክ» መመርመር ነው ይሉታል። የባንክ ወረቀትም «ቼክ» ነው፤ ነገር ግን ይኸኛው መጨረሻው በ«ኪው» ይጻፋል። መምህሩ «ሸምድደው» ቢለው ይሸመድደዋል፤ በፈተና ቀን ግን ያምታታዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፋርስ ነው። «ሻህ» ንጉሥ ማለት ነው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ንጉሥ ሲያስጨንቅ ይህንኑ ስም ጠርቶ ያስጠነቅቅ ነበር። ቃሉ በዐረቦች አፍ አልፎ በላቲንና በፈረንሳይኛ ሲዞር መልኩ ተለወጠ፤ እንግሊዞች ዘንድ ሲደርስ «ቼክ» ሆነ፥ ብዙ ቍጥሩም «ቼዝ»። የተጨነቀ ንጉሥ እንደ ልቡ መሄድ አይችልምና ቃሉ መግታት፥ ቀጥሎም መቈጣጠርና መመርመር የሚል ትርጕም አገኘ። ማጭበርበርን ለመግታት ሲባል ተቈርጦ የሚቀረው ጕርድ ወረቀትም «ቼክ» ተባለ፤ ስሙ ከጕርዱ ወደ ባንኩ ወረቀት ተላለፈ። «ኪው»ን ያመጣው ሌላ ዘመዱ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ የግምጃ ቤት ሹማምንት ሒሳብ የሚቈጥሩት ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 5 ጫማ በሆነ፥ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ በለበሰ ገበታ ላይ ነበር። ገበታው የቼዝ ገበታ ስለ መሰለ መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ፤ የባንኩም ቼክ አጻጻፍ የዚህን ስም መልክ ያዘ። አሜሪካኖች ግን ሁሉንም በ«ኬ» ይጽፋሉ፤ ለተማሪ የሚራራ ልማድ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ መምህር እዚህ ላይ ቆም ቢል መልካም ነው። የእኛ «ሰንጠረዥ» ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ ነው፤ ያም ከፋርስ፥ የፋርሱም ከሕንድ «ቻቱራንጋ»፥ ማለት እግረኛ፥ ፈረሰኛ፥ ዝሆንና ሠረገላ ካሉት ባለ አራት ክፍል ጦር ነው። (በአገራችን ጨዋታ «ፊል» የሚባለው በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው።) በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጐበኘው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ መምህሩ የተማሪዎቹን ማርክ በሰንጠረዥ ሲያሰፍር የጨዋታውን ስም ለሒሳብ ገበታ ማዋሉ ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ ያዦችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አንዱ ከሌላው ግን አልተማረም።

ሆኖም የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም። በ«ቼክሜት» ያለው «ሜት» ንጉሡ መላ አጣ ከሚለው የፋርስ አነጋገር የመጣ ነው። ጓደኛ ማለት የሆነው «ሜት» ግን ከጀርመን ወገን ቋንቋ የመጣ ሆኖ፥ ትርጕሙ ምግብ የሚካፈል ነው፤ ባለ እንጀራ ከሚለው «ባልንጀራ» ያልነው ሰው መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው «ፓውን» ነው። በገበታው ላይ ያለው ትንሹ ወታደር ስሙን ያገኘው በላቲን እግር ከሚለው ቃል ነው፤ የብድር መያዣ የሚባለው «ፓውን» ግን ሌላ የፈረንሳይኛ ምንጭ አለው። አንድ መምህር ግን «ወታደሩ ስለ ንጉሡ መያዣ ሆኖ ስለሚሰጥ ነው» ብሎ ሁለቱን ቢያገናኛቸው ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ አይረሱትምም። ሐሰት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በተራው ጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተምረዋል።