ለቤት ውስጥ በሮች የመቅረጫ ቢላ አመራረጥ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ መቅረጫ ቢላ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ አንድ በር ነው። ባምባሲ ውስጥ ለአንድ መኖሪያ ቤት በመጋቢት ወር የሠራሁት የመኝታ ክፍል መዝጊያ ሐምሌ ሲገባ አልዘጋም አለ። የቤቱ እመቤት ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝና «ጋሼ፣ እንጨቱ ነው ያበጠው ወይስ እርስዎ ነዎት ያጠበቡት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መዝጊያውን አውርጄ ስመረምረው ሙሌቱ በቦዩ ውስጥ አብጦ ቋሚዎቹን ወደ ጎን ገፍቷቸዋል፤ መጋጠሚያዎቹም አፋቸውን ከፍተዋል። ቦዩን ያወጣሁበት ቢላ ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። እንጨቱ እንደ ባሕርዩ አበጠ እንጂ ጥፋት የለበትም፤ ቢላውን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ባምባሲን ለማታውቁ፣ ከአሶሳ ወደ መንዲና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጸናል፤ ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ሙቀቱና ደረቁ ነፋስ ጣውላውን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። በአካባቢው ነባር ቤቶች ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው መዝጊያ ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ክረምት ከበጋ ያለ ጭቅጭቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኛ ግን በክፈፍና በሙሌት የተሠራ በር እንሥራ ካልን ወራቱን መቍጠር ግዴታችን ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ስፋቱ 450 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሌት እንውሰድ። የእንጨቱ እርጥበት አንድ መቶኛ በተለወጠ ቍጥር ስፋቱ ከሺህ ሁለት እጅ ያህል ይለወጣል ብንል፣ በበጋና በክረምት መካከል የሚኖር የአምስት መቶኛ ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ያመጣል። እኔ በመጋቢት ሙሌቱን በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር አስገብቼ አንዳንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ትቼለት ነበር። ቦዩ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ 8 ሚሊ ሜትር ገብቶ፣ በየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ያገኝ ነበር። ስለሆነም ቢላ ስትገዙ ከጌጡ ቅርጽ አስቀድማችሁ የምላሱንና የቦዩን ጥልቀት ለኩ። ሙሌቱንም ኮላ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ በኮላ የታሰረ ሙሌት ቦዩ የቱን ያህል ቢጠልቅ መሰንጠቁ አይቀርም።

ለምን እንዲህ ያለ ቢላ ገዛህ የሚል ይኖራል። በገበያ ላይ «የበር ቢላ» እየተባሉ በጥንድ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ለቁም ሣጥንና ለወጥ ቤት መደርደሪያ በር የታሰቡ ስለሆኑ የሚስማሙት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ላለው ጣውላ ነው። የክፍል መዝጊያ ግን 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሁለቱም ፊቱ ይታያል፤ ክብደቱንም በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ዘመኑን ሙሉ ይሸከማል። በቁም ሣጥን ቢላ የወጣ አጭር ምላስ ይህን ክብደት በኮላ ብቻ ይችላል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ቋሚውና አግዳሚው ረዥም ወንዴና ሴቴ ያሻቸዋል። ችግሩ የአግዳሚውን ራስ በምንቀርጽበት ጊዜ ረዥሙ ወንዴ ከሻፐሩ ዘንግና ከዳዶው ጋር መጋጨቱ ነው። ስለዚህ ብሎኑ በቢላው ውስጥ ጠልቆ የሚቀር፣ ከላዩ ምንም የማይወጣበት አጭር ዘንግ ያስፈልጋል። መኪናችሁ ይህን የማይቀበል ከሆነ የአግዳሚውን ራስ ቀርጻችሁ በ16 ሚሊ ሜትር የእንጨት ችንካር ማጠናከር ይቻላል። እኔ ዛሬም የምሠራው በችንካር ነው፤ አላፈርሁበትም።

የዘንጉ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከአውሮፓ የመጣ ሻፐር ዘንጉ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ልክ የተሠራ ቢላ ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አንድ ኢንችና ሩብ፣ ማለትም 31.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ዕቃ አልገጥም ሲል በቆርቆሮ ጠቅልለው የሚያስገቡ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ቢላው ከመሐሉ ከተዛባ አንደኛው ምላጭ ብቻ ይቈርጣል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ሥራውም እንደ ማዕበል ይሆናል። በቶርኖ በትክክል የተሠራ ቡሽ ካላገኛችሁ ዕቃውን መልሱ።

ፍጥነትን በሚመለከት በቢላው ላይ የተቀረጸው ቍጥር የሚነግረን የማይታለፈውን ወሰን ነው። ከዚያ በታች የሚፈለገውን ዙር ራሳችን ማስላት አለብን። ስፋቱ 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር የምላጩ ጫፍ በሰከንድ 39 ሜትር፣ በ9000 ዙር 59 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለእንጨት ሥራ በእነዚህ መካከል መሆን ይበጃል። ለሙሌት ጠርዝ የሚሆነው 200 ሚሊ ሜትር ቢላ ግን በዚያው በ9000 ዙር ቢዞር 94 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ሞትን መጥራት ነው። በሌላ በኩል ለ60 ሳይክል የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ሳይክል መብራት ላይ ከዙሩ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስንሠራ፣ ጄኔሬተሩ ሲደክም ዙሩ አብሮት ይወርዳል። ድምፁ ሲቀየር ሥራውን ማቆም እንጂ እንጨቱን በኃይል መግፋት አይገባም።

አሁን ወደ ምላጩ ብረት ልለፍ። ነጋዴው ሁሉ ካርባይድ ግዙ ይላል። ለኮምፔርሳቶና ለኤም ዲ ኤፍ እውነቱን ነው፤ በውስጣቸው ያለው ሙጫ ተራውን ብረት ወዲያው ያደንዘዋል። ለዋንዛ ግን ሀይ ስፒድ የሚባለውን ብረት እመርጣለሁ። ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ አልፎ አልፎም ጭረቱ ይጠላለፍና በደነዘ ምላጭ ይቦጨቃል። ሀይ ስፒድ ይበልጥ ስል ጫፍ ይቀበላል፤ ሲደነዝም ባምባሲ ውስጥ በተራ የዘይት ድንጋይ ይሳላል፤ ካርባይድ ግን የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። በምትስሉበት ጊዜ የምላጩን ጠፍጣፋ ፊት ብቻ እኩል እኩል አሹት፤ የቅርጹን ጀርባ የነካ ሰው ቅርጹን አጥፍቶታል። ባሕር ዛፍ ለሚቀርጽ ሰው ምክሬ ይለያል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ የምላጩ መግቢያ ማዕዘን አነስ ይበል፣ ቅርጹም በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ይውጣ።

ዋንዛን ሳነሣ የማልተወው ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን በስም ለይቶ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ደንግጎ ነበር። ዛሬ በእጃችን የሚገባው የዋንዛ ጣውላ ብዙ ጊዜ ከገበሬ ማሳ የተገኘ፣ አጭርና ጉጥ የበዛበት ነው። አንድ ቋሚ ቢበላሽ ተመሳሳዩን ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥሩ ቢላ ውድ ነው የሚል ሰው ይህንንም ቢያስበው መልካም ነው።

በመጨረሻ የማነሣው በደስታ የማልናገረው ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ተቀጥሬ በሠራሁበት አንድ ቤት፣ ሁለት ልቅ ምላጮችን በሁለት ቀለበቶች መካከል አጥብቆ የመያዝ ልማድ ነበር። ርካሽ ነው፤ ማንኛውንም ቅርጽ ሞርዶ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን የአንደኛው ምላጭ ስፋት ከሌላው በጥቂቱ ካነሰ ቀለበቶቹ የሚይዙት ሰፊውን ብቻ ነው፤ ጠባቡ የተያዘ መስሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጠባቡ ወጣ። ከእኔ ጎን የቆመው ወጣት ሁለት ጣቶቹን አጣ። በዕለቱ የታዘዘው ሥራ አንድ ሙሌት ብቻ ነበር።

ስለዚህ በልዩ ትእዛዝ አንድ አንድ በር ለሚሠራ አነስተኛ ቤት የምመክረው፣ ምላጩ በሽብልቅና በጥርስ ታስሮ የሚቀያየርበትን አንድ ጥሩ የብረት ራስ ነው። ከምላጩ ፊት የሚቀድም ገደብ ያለው ሲሆን ምላጩ ከገደቡ ከ1.1 ሚሊ ሜትር በላይ አይወጣም፤ እጅ ቢያዳልጥ እንኳ ቢላው በጥልቀት አይነክስም። በአውሮፓ ደንብ በእጅ ለሚገፋ ሥራ የተፈቀደው ቢላ «ማን» የሚል ምልክት በላቲን ፊደል ይቀረጽበታል፤ ምልክቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ደንበኛ የአሮጌ በሩን ቅርጽ አምጥቶ «እንደዚህ» ሲል የምትገዙት ወይም የምታስሞርዱት አንድ ጥንድ ምላጭና ገደቡን ብቻ ነው። ሙሌት ስትቀርጹም ቢላው ከእንጨቱ በታች ይሁን፤ እንጨቱ ቢነሣ ቅርጹ ይሳሳል እንጂ አይበላሽም፣ እጅም ከምላጩ ይርቃል። በራሱ በኩል ያለውን አስቀድሙ፤ የሚቦጨቀውን የርዝመቱ ቅርጽ ያጠራዋል።

ያን የመኝታ ክፍል መዝጊያ ፈትቼ ቦዩን 12 ሚሊ ሜትር አደረስሁት፤ ሙሌቱንም አጥብቤ መለስሁ። እመቤቲቱ የሁለተኛውን ክፍል መዝጊያ ያዘዙኝ በነሐሴ ነበር። ጣውላው በክረምቱ እርጥበት አብጦ ስለነበር፣ ሲደርቅ እንዳይወጣ ሙሌቱን በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር አስገባሁት።