በአንድ ሣር ላይ የቆመ ሕይወት



በዛሬው ዝግጅታችን ልጆቻችን በሥዕልና በአሻንጉሊት አዘውትረው ስለሚያዩት ጥቁርና ነጭ እንስሳ፣ ስለ ፓንዳ ልናወጋችሁ ነው። የምናወጋው ግን ስለ መልኩ ማማር ሳይሆን ስለ ቀለቡ ነው። የዱር ፓንዳ ከሚመገበው መቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙ ቀርከሃ ነው። ታዲያ ይህ አንድ ቀለብ የጠፋ ዕለት ፓንዳው ምን ይበላል? ለረሃቡስ ተጠያቂው ማነው?

ፓንዳ በዱር የሚኖረው ከዓለም አገሮች ሁሉ በቻይና ብቻ ነው። መኖሪያውም በሲቹዋን፣ በሻንሺና በጋንሱ ግዛቶች የሚገኙት ጉም የማይለያቸው ተራሮች ናቸው። በእነዚህ ተራሮች ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቀርከሃ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ቀርከሃ ቁመቱ ዛፍ ቢያስመስለውም የሣር ዘር ነው፤ የስንዴና የበቆሎ ዘመድ መሆኑ ነው።

የሚያስገርመው ነገር፣ ፓንዳ ከድብ ወገን ሲሆን ሆድ ዕቃው ሣር ለመፍጨት የተመቸ አለመሆኑ ነው። ላም ሣር ስትግጥ ባለ አራት ክፍል ጨጓራ አላት፤ ታመሰኳለች። ፓንዳ ግን አያመሰኳም። ጨጓራው እንደ ሥጋ በል እንስሳት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አንጀቱም አጭር ነው። ስለዚህ ከሚበላው ቀርከሃ ውስጥ ሰውነቱ የሚጠቀመው ከመቶ 17 እጅ ያህሉን ነው። የቀረው እንዳለ ይወጣል።

ታዲያ በምን ይኖራል? አንደኛ፣ አብዝቶ በመብላት ነው። በቀን ከ12 እስከ 38 ኪሎ ግራም ቀርከሃ ይመገባል፤ ለዚህም ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለተኛ፣ ጉልበቱን በመቆጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው ፓንዳ በቀን የሚያወጣው ኃይል በክብደቱ ልክ ከሚጠበቀው 38 በመቶው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ከእጁ አንጓ ላይ እንደ አውራ ጣት ሆኖ የሚያገለግለው አጥንት አለው። በእርሱ ቀርከሃውን ጨብጦ ልጡን ይልጣል፣ ቅጠሉን ይጠቀልላል። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ፍጡር ሪዝቁን ሲሰጥ የሚያገኝበትንም መንገድ አብሮ ሰጥቶታል፤ ሱብሓነላህ!

አራተኛውና ዋናው ነገር እግሩ ነው። ፓንዳ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይበላም። በቺንሊንግ ተራሮች የተከታተሉት ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ በጸደይ ወራት ከተራራው ዝቅተኛ ወገብ ላይ የሚበቅለውን ለጋ ቡቃያ ይበላል። ቡቃያው ሲጠነክርበት፣ በሰኔ ገደማ፣ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ እዚያ ሌላ ዓይነት ቀርከሃ ገና ማቆጥቆጡ ነውና። በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ተመልሶ ይወርዳል። የገንቢ ምግብና የማዕድኑን መጠን እየተከተለ ይወጣል፤ ይወርዳል። ገበታው አንድ ተራራ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ቀርከሃ አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳያብብ ይቆይና፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድ አካባቢ ያለው ያው ዝርያ በሙሉ በአንድ ሰሞን ያብባል፤ ዘሩን ይጥላል፤ ከዚያም ይሞታል። ከወደቀው ዘር የሚበቅለው አዲስ ቀርከሃ ፓንዳን ለመመገብ እስኪበቃ ከ10 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በሚንሻን ተራሮች ይኸው ሆነ፤ ቢያንስ 138 ፓንዳዎች ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ በዎሎንግና በአካባቢው ቀርከሃው በጅምላ አበበ። ዓለም ደነገጠ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ፓንዳዎችን ከጫካ አውጥቶ ወደ ማቆያ መውሰድ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ቀርከሃ ማበብና መሞት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ፓንዳ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ተሻገረው?

መልሱን በዎሎንግ ፓንዳዎችን ሲያጠኑ የነበሩት ቻይናዊው ሁ ጂንቹና ጆርጅ ሻለር ከባልደረቦቻቸው ጋር አገኙት። ከፍታው ላይ ያለው ቀርከሃ ሲሞት ፓንዳዎቹ ወደ ታች ወርደው ያላበበውን ሌላ ዝርያ መብላት ያዙ። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አንዱ ቀለብ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ችግሩ የታችኛው ወገብ ታርሶ፣ ደኑ ተጨፍጭፎ፣ መንደርና መንገድ በመካከል ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ፓንዳው በሞተ ቀርከሃ መካከል ታጥሮ ይቀራል። ሻለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ከቀርከሃው ማበብ ይልቅ አደንና የደን መመንጠር የከፋ አደጋ መሆናቸውን ጽፏል። ሚስክ ለሚወጣው ትንሽ አጋዘን የሚዘረጋው ወጥመድ ፓንዳውንም ይይዘው ነበር። ከጫካው ማውጣትም ቢሆን በመልካም ሐሳብ የዱሩን ቁጥር መቀነስ ነበር።

እንግዲህ የቀርከሃው ሞት የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ የመንገዱ መዘጋት ግን የሰው እጅ ሥራ ነው።

የሰው እጅ የዘጋውን የሰው እጅ ሊከፍተውም ይችላል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1998 ከደረሰው የያንግዜ ወንዝ ጎርፍ በኋላ የተፈጥሮ ደን መቁረጥን በሰፊው አገደች። በቀጣዩም ዓመት ተዳፋት እርሻቸውን ወደ ደን ለሚመልሱ ገበሬዎች እህልና ገንዘብ መስጠት ጀመረች። በቀደመው ቆጠራ 1,596 የነበረው የዱር ፓንዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ቆጠራ 1,864 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ 22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የፓንዳ ብሔራዊ ፓርክ በይፋ ተቋቋመ። ከዓላማዎቹ አንዱ የተቆራረጡትን ጫካዎች በመተላለፊያ ማገናኘት ነው። ሥራው ግን አላለቀም፤ በዚያው ቆጠራ ፓንዳዎቹ እርስ በርስ በተነጠሉ 33 መንጋዎች ተከፋፍለው ተገኝተዋል። የአየር ሙቀት መጨመርም አለ። ዘር ለመጣል አሥርት ዓመታት የሚጠብቅ ተክል፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ከፍታ በቶሎ መውጣት አይሆንለትም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዊና የሲዳማ ደገኞች ቀርከሃ ለቤት፣ ለአጥርና ለዕቃ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃሉ። በቤኒሻንጉል ቆላ የሚበቅለው ሽመልም በጅምላ አብቦ ሲደርቅ ታይቷል። ቀርከሃው ደረቀ ተብሎ መሬቱ ቢታረስ ወይም እሳት ቢለቀቅበት፣ ከሥር የሚበቅለው ችግኝ አብሮ ይጠፋል። ከብት ሳይገባበት ጥቂት ዓመታት ከተጠበቀ ግን የሞተው ይተካል።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ የፓንዳን ሥዕል ሲያዩ ይህንንም ንገሯቸው። የተራበን መመገብ መልካም ነው፤ የደካማ ፍጡርን መንገድ አለመዝጋት ደግሞ ከረሃቡ በፊት የሚደረግ ምጽዋት ነው። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ደህና ሁኑ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!