ከለንደን እስከ በርበራ፤ የአንድ የታሪክ ምሁር መንገድ



ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በለንደን ሲማሩ ምርምራቸው የአውሮፓን ታሪክ የሚመለከት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ኅብረት ሥራ የጻፈውን የአይርላንዳዊውን የዊልያም ቶምሰንን ሕይወት ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር አዲስ አበባ ገብተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረትም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ።

በአውሮፓ ታሪክ የለመዱትን መዝገብ የመመርመር ጥበብ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ መልሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1974 በእነዚህ ዳርቻዎች ስለ ነገዱ ሕንዳውያን ጻፉ። በምጽዋና በበርበራ ይነግዱ የነበሩት ባንያኖች አብዛኞቹ ሂንዱዎች ሲሆኑ፥ ሥጋ የማይበሉ፥ ሕይወት ያለውን መግደል የሚጸየፉ ነበሩ። ሚዛኑን ይዞ ባሕር የተሻገረ ነጋዴ እምነቱንም ይዞ ይሻገራልና፥ የገበያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የመንፈስንም ታሪክ ሳይነካ አያልፍም።

ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ አበባ አረፉ። ሥራቸው ግን ለመምህር ትምህርት ነው። በሐርጌሳ የሚያስተምር መምህር የሩቁን አውሮፓ አስተምሮ የቅርቡን በርበራ ቢዘነጋ፥ ተማሪው ታሪክ የሌሎች ብቻ ይመስለዋል፤ የጎረቤቱን እምነት ሳያውቅ ያደገ ልጅም ጎረቤቱን ለመናቅ ይፈጥናል።