ከመመዝገባችን በፊት አንድ ጥያቄ
(በጅዳና በመካ እህቶች የጋራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

 

የአባላት መዝገብ በስልክ ይከፈት የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። አንዷ ስትታመም ወይም ስትሞት ለቤተሰቧ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ግን በቀረበው ፎርም ላይ የኢቃማ ፎቶ፣ የከፊል ስምና የምንሠራበት ቤት አድራሻ ተጠይቋል። እስቲ ቀድመን እንጠይቅ፦ ይህ ዝርዝር ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ማንን ይጎዳል?

ማዳም ስልኳን የምትፈትሽባት እህት አለች። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሁሉ የሌላውን ቁጥር ያያል፤ ደላላም በእህት ስም ሊገባ ይችላል። ከፊሏ ሁሩብ ያስመዘገበባት ልጅ አድራሻዋ ቢወጣ መጨረሻዋ ሹሜሲ ሊሆን ይችላል። የኢቃማና የስልክ ቁጥር አንድ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ ደግሞ «ከአብሸር ነው የምደውለው፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» ይላል። ኮዱን ለማንም እንዳትሰጡ!

«ሕግ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ለመጉዳት ብሎ እንደ ጤና ያለ ምስጢር ያወጣ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት፣ እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ወይም ሁለቱም አለበት። አገራችንም አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተበተነ ስም በክስ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኼ ነው። ለቤተሰብ ለመደወል የሚያስፈልገን የመጠሪያ ስም፣ የራሷ ስልክና አገር ቤት ያለ የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነው። የኢቃማ ፎቶ ይቅር። የምትሠራበትን ቤት አድራሻ ለምታምናት አንዲት ጓደኛ ትንገር፤ መዝገቡ ላይ የዚያች ጓደኛ ስልክ ይጻፍ። መዝገቡ ስልክ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ ይሁን፤ የጅዳውን አንዷ፣ የመካውን አንዷ ትያዝ። ጠቅልላ አገሯ የገባች እህት ስሟ ይሰረዝ።

ኢቃማ የሌላት እህት ያንን ፎርም ስታይ ትሸሸናለች። ከሁላችን በላይ እርዳታ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት።

ይህን ሳንወስን የአንዲትም ሰው ስም እንዳይጻፍ እጠይቃለሁ። በሉ፣ እናንተም ተናገሩበት።